ኳሱ አንድ፣ እጁ ልዩ ልዩ

ቦውሊንግ የሚጫወት ሰው፣ ጀማሪም ይሁን አዋቂ፣ አንድ ቀን መጠየቁ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «ለመሆኑ ጥሩው ኳስ የትኛው ነው?» የሚል። ሻጩ መልስ አለው። ማስታወቂያውም መልስ አለው። በየድረ ገጹ አዲስ ኳስ እየወረወረ የሚያሳየውም ሰው መልስ አለው። የእኔ አሳብ ግን ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው የሚል ነው። «ይህ ኳስ ጥሩ ነው» ማለት በግማሽ የቀረ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለማን፣ የት፣ መቼ የሚሉት ካልተጨመሩበት ትርጉም አይሰጥም። ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ዳሩ ግን ይህ በግማሽ የቀረ ዓረፍተ ነገር ከቦውሊንግ አዳራሽ ወጥቶ በትምህርት ቤትም፣ በሥራ ቦታም፣ በቤታችንም ሲነገር እሰማለሁ፤ በእርሱም ምክንያት ስንቱ ሰው ያለ ጥፋቱ «አይችልም» ተብሎ እንደሚቀር እታዘባለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በጥቂቱ ላስረዳ። ኳሱ የሚሄድበት ለስላሳ መንገድ ሌን ይባላል። ተጫዋቹ ሊያልፈው ከማይፈቀድለት መስመር እስከ ፊተኛው ፒን ድረስ 18.29 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ ግን ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በመጨረሻው 10 ፒኖች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ተደርድረው ይቆማሉ። ተጫዋቹ ክብደቱ ቢበዛ 7.26 ኪሎ ግራም የሆነ ኳስ ይለቅባቸዋል። 10ሩንም በመጀመሪያው ውርወራ ከጣለ ስትራይክ መታ ይባላል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከዚህ የቀለለ ጨዋታ የለም።

ነገር ግን ከሩቅ የማይታይ አንድ ነገር አለ፤ ዘይት። ሌኑ በስሱ ዘይት ይቀባል። በተለመደው አቀባብ ዘይቱ ከመነሻው አንሥቶ 12 ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ መካከሉ ላይ ወፈር፣ ወደ ዳርና ዳር ሳሳ ይላል። የቀረው የመጨረሻው ክፍል ደረቅ ነው። ስለዚህ ኳሱ በጉዞው ሦስት ምዕራፍ አለው፤ መጀመሪያ በዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ከዚያ መንገዱን እየያዘ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ያለ መንሸራተት ይንከባለላል። ጥሩ ተጫዋች ኳሱ ታጥፎ እንዲገባለት የሚሻው ለጌጥ አይደለም። ቀጥ ብሎ የመጣ ኳስ ፒኖቹን ሲመታ ወደ ጎን ይገፈተርና ከኋላ ያሉትን ሳይነካ ያልፋል። 6 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ የገባ ኳስ ግን መንገዱን ሳይስት መካከሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የስትራይክ ዕድሉም ከፍ ይላል። ያን መታጠፍ የሚያመጣው ማነው የሚለው ነው እንግዲህ የክርክሩ ሁሉ ሥር።

ሻጩ «ይህ ኳስ በጣም ይታጠፋል» ሲል መታጠፉ በኳሱ ውስጥ እንደ ማር በቀፎ ተቀምጦ የሚገኝ ያስመስለዋል። እስቲ ሦስት ሰዎችን እናስብ። ኳሱ አንድ ነው፤ አዲስ፣ ውድ፣ «ኃይለኛ» የተባለ። የመጀመሪያው ሰው ጉልበተኛ ነው፤ በፍጥነት ይወረውራል፣ ኳሱን ግን ብዙ አያዞረውም። ኳሱ ዘይቱን ጥሶ፣ ደረቁንም ለመያዝ ጊዜ ሳያገኝ ፒኖቹ ላይ ይደርሳል። ሰውየው «ይህ ኳስ አይታጠፍም» ይላል። ሁለተኛይቱ ቀስ ብላ ትለቃለች፣ ጣቶቿ ግን ኳሱን አብዝተው ያዞሩታል። ያው ኳስ ለእርሷ ገና በመካከለኛው መንገድ ላይ ሳለ ይያዛል፣ አስቀድሞ ይታጠፋል፣ ፒኖቹ ዘንድ ሲደርስ ኃይሉን ጨርሷል። «ይህ ኳስ መጨረሻው ደካማ ነው» ትላለች። ሦስተኛው ፍጥነቱና አዟዟሩ የተመጣጠነለት ሰው ነው፤ ኳሱ በታሰበለት ስፍራ ይነቃለታል፣ ፒኖቹም ይበተናሉ። «ከዚህ የተሻለ ኳስ አልተሠራም» ይላል። ሦስቱም አልዋሹም። ሦስቱም ግን ስለ ኳሱ የተናገሩ መሰላቸው እንጂ የተናገሩት ስለ ራሳቸው ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የኳሱ ዙሪያ 68 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከመነሻው እስከ ፊተኛው ፒን አንዳች ሳይንሸራተት ቢንከባለል 27 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር የሚወረውር ሰው ኳሱ ፒኖቹ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ይህ ሰው ኳሱን በደቂቃ 300 ዙር አዙሮ ቢለቀው፣ አዟዟሩ እንደዚያው ቢዘልቅ ኖሮ 12 ጊዜ ብቻ በዞረ ነበር፤ 500 ዙር የሚሰጠው ሰው ኳስ ደግሞ 20 ጊዜ። ከ27ቱ የጎደለውን ማን ይሞላዋል? ሌኑ ነው፤ በሰበቃ። እጅ ያላዋጣውን ሌኑ ያዋጣል። እጁ ጥቂት ያዋጣ ሰው ከሌኑ ብዙ ይፈልጋል፣ ብዙ ርቀትም ይሻል፤ እጁ ብዙ ያዋጣ ሰው ጥቂት ይበቃዋል። ዙሩ ወደ ፊት ብቻ ከሆነ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ያው ሰበቃ ኳሱን ወደዚያ ጎን ይስበዋል። እንግዲህ መታጠፍ የኳሱ ብቻ ሀብት አይደለም። በኳሱ፣ በእጁና በሌኑ መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ስምምነቱ ይለወጣል።

የኳሱ ውስጥም ቢሆን የራሱ ምሥጢር አለው። በዘመናዊ ኳስ መካከል እንደ እምብርት የተቀመጠ ክብደት ያለው አካል አለ። ብዙ ጊዜ ክብ አይደለም፤ ኳሱ ሲሽከረከር እንዲወላገድ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የጣት ቀዳዳዎቹ ከዚያ እምብርት አንጻር የት እንደሚበሱ የሚወስነው ባለሙያው የተጫዋቹን እጅ ከለካና ኳሱ በእጁ ሲለቀቅ በየትኛው ነጥብ ዙሪያ እንደሚዞር ካገኘ በኋላ ነው። ነጥቡ ከሰው ሰው ይለያያል። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ኳሶች ለሁለት ሰዎች ከተበሱ በኋላ መንትያነታቸው ያበቃል። ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ ተጫዋቹ ከወረወረ በኋላ ኳሱን ተቀብሎ መመልከት ይበቃል። በላዩ ላይ የዘይት ቀለበቶች ይታያሉ። ለአንዱ ሰው ቀለበቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው አንድ መስመር ይመስላሉ፤ ለሌላው እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይታያሉ። ኳሱ የማንን እጅ እንዳገኘ የሚመሰክር ማኅተም ነው።

የሌኑ ነገር ደግሞ ምን ያህል ሚዛን እንደሚደፋ አንድ ታሪክ ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1982 ግሌን አሊሰን የተባለ ተጫዋች ካሊፎርኒያ ውስጥ ላ ሃብራ በምትባል ከተማ በተከታታይ 36 ስትራይክ መታ። ሦስት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ 300፣ ድምሩ 900። ከዚህ በላይ ነጥብ የለም። የዘመኑ የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ግን ሌኑን መርምሮ የዘይቱ አቀባብ ደንቡን አላሟላም ሲል ውጤቱን ሳያጸድቀው ቀረ። የጸደቀው የመጀመሪያ 900 ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በነብራስካ በጄረሚ ሶነንፌልድ እጅ ተመዘገበ። ስለ ፍርዱ ትክክለኛነት ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔን የገረመኝ ፍርዱ ሳይሆን በውስጡ ያለው እምነት ነው። 36 ጊዜ ሳይስት የመታ ሰው እንኳ ብቻውን አልመታም፤ መንገዱ አብሮት መትቷል ማለት ነው።

መንገዱም ቢሆን ቋሚ አይደለም። ኳሶች በተመላለሱበት ቁጥር ዘይቱ ከስፍራው ይነሣል፣ ይገፋል፣ ይሳሳል። በመጀመሪያው ጨዋታ ልክ የነበረው ኳስ በሦስተኛው ጨዋታ ለዚያው ሰው፣ በዚያው እጅ ቶሎ መታጠፍ ይጀምራል። ኳሱ ራሱ ዘይት ይጠጣል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ያረጃል። ያው ሰውም በምሽቱ መጀመሪያና በምሽቱ መጨረሻ አንድ አይደለም፤ ክንዱ ይደክማል፣ እርምጃው ይዘገያል። «ያው ኳስ» የምንለው እንግዲህ በስም ብቻ ነው ያው የሚሆነው።

የሚገርመው ኳሱ በተሻሻለ ቁጥር ይህ ልዩነት መስፋቱ ነው። በድሮ ጊዜ ኳስ የሚሠራው ከጠንካራ እንጨት ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጎማ ኳስ መጣ፤ ከዚያም ፕላስቲኩ ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩሬቴን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሌኑን አጥብቆ የሚይዘው ሬዚን ገበያውን ያዘ። ፕላስቲኩ ሌኑን እምብዛም ስለማይዝ በማንም እጅ ቢገባ ቀጥ ወደ ማለት ያደላል። ስለዚህም ነው ታላላቆቹ ተጫዋቾች ሳይቀሩ የቀረችን አንዲት ፒን ለመልቀም ሲፈልጉ ወደ ፕላስቲክ ኳስ የሚመለሱት። አዲሱ ኳስ ግን የእጅን ጠባይ ያጎላዋል፤ ጥሩውንም ጉድለቱንም። በዚህ ውስጥ ልብ የሚባል ነገር ያለ ይመስለኛል። ለሁሉም ሰው እኩል የሚሆነው ኳስ ብዙ የማያደርገው ኳስ ነው። ብዙ የሚያደርገው ኳስ ደግሞ አስቀድሞ የሰውየውን ማንነት ይጠይቃል።

በዚህ ጨዋታ ታሪክ ስማቸው ከፍ ካለው መካከል ሁለቱን ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዋልተር ሬይ ዊልያምስ በአሜሪካ የባለሙያዎች ማኅበር 47 ጊዜ አሸንፏል። የፈረስ ጫማ ብረት በመወርወርም የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ኳሱን ብዙ አያጥፍም፤ ኃይሉ በዓላማው ትክክለኛነት ነው። አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ ደግሞ ገና በሕፃንነቱ፣ በወላጆቹ የቦውሊንግ አዳራሽ፣ ከባዱን ኳስ በአንድ እጁ ማንሣት ስላልቻለ በሁለት እጁ ያዘው። ሲያድግም አልተወውም። አውራ ጣቱን ቀዳዳ ውስጥ አያስገባም፤ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ እንደ እንዝርት ይሾራል። ብዙዎች «ይህ ቦውሊንግ አይደለም» ብለው ተቹት። እርሱ ግን 15 ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፎ ክብረ ወሰን ያዘ። የቤልሞንቴን ኳስ ለዊልያምስ፣ የዊልያምስን ለቤልሞንቴ ብንሰጥ ከሁለት ሻምፒዮኖች ሁለት የተቸገሩ ሰዎችን እናተርፍ ነበር። ያ ሕፃን አንድ «አዋቂ» መጥቶ «በአንድ እጅህ ካልያዝህ ተወው» ቢለውና እሺ ቢል ኖሮ ደግሞ ዓለም ስሙን ባልሰማ ነበር።

ጉልበት ብቻውንም መለኪያ እንደማይሆን ያሳየችን ሴት አለች። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2010 ኬሊ ኩሊክ በላስ ቬጋስ በተደረገው የሻምፒዮኖች ውድድር ፍጻሜ ክሪስ ባርንስን 265 ለ195 አሸንፋ ወንዶች በሚበዙበት የባለሙያዎች ማኅበር ውድድር ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሌኑ አንድ ነበር። የተቀባው ዘይት አንድ ነበር። ያን ዕለት ሌኑን ያነበበችውና ከእጇ ጋር ያስማማችው እርሷ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ይህ ለሰነፍ ሰበብ መስጠት አይደለምን? ጎበዝ ሰው በማንኛውም ኳስ ይጥላል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጎበዝ በብዙ ዓይነት ኳስ እንደሚጥል እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጎበዝ ወደ ውድድር ሲሄድ በርካታ ኳሶችን ጭኖ የሚሄደው ለምን ይመስላችኋል? ጉብዝናው ልዩነቱን መናቁ አይደለም፤ ልዩነቱን ማወቁ ነው። በየትኛው ሌን፣ በስንተኛው ጨዋታ፣ ከየትኛው ስፍራ፣ በምን ፍጥነት የትኛው ኳስ ለእጁ እንደሚስማማ ያውቃል። ሳይለካ የሚወረውርና ሲስት በኳሱ የሚያመካኝ ሰው ሰነፍ ነው፤ በዚህ እንስማማለን። ሳይለካ የራሱን ኳስ ለሌላው ሰጥቶ ሲስት በሰውየው የሚፈርድስ? እርሱን ምን እንበለው?

በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ አንድ ቅዳሜ ማታ ጥቂት ሐበሾች ተሰብስበን ስንጫወት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ለእጁ ተለክቶ የተበሳለትን ውድ ኳስ አብረውን ለነበሩ አንድ አዛውንት አክብሮ ሰጣቸው። «ጋሼ፣ በዚህ ይሞክሩ፤ ከመደርደሪያው ኳስ ይሻልዎታል» አላቸው። አውራ ጣታቸው እንደምንም ገባ፤ ሲለቁት ግን ቀዳዳው ያዛቸውና ኳሱ ቦዩ ውስጥ ገባ። ደገሙት፤ ያው ሆነ። ሦስተኛውን ከወረወሩ በኋላ እጃቸውን እያሹ ተቀመጡና «ተወኝ ልጄ፣ እርጅና ነው» አሉ። ወጣቱ ብልህ ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ እርጅና አይደለም፤ ቀዳዳው የእኔ እጅ ልክ ሆኖብዎት ነው» ብሎ ከመደርደሪያው ቀዳዳው ሰፋ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ተራ የፕላስቲክ ኳስ አመጣላቸው። አዛውንቱ ያን ምሽት ስትራይክ አልመቱም፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ተጫወቱ፣ ሳቁም። እኔን ያሳሰበኝ «እርጅና ነው» የምትለዋ ቃል ናት። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የቀዳዳ ጥበት አንድን ሰው ዘመኑ እንዳለፈ ሊያሳምነው ምንም አልቀረውም ነበር።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የተዋሰውን ሰው ለመገሠጽ ነው። እኔ ግን ለአዋሹም የተነገረ ይመስለኛል። የጎረቤትን ምጣድ ተውሳ የጋገረች ሴት እንጀራዋ ዓይን ባያወጣ ባልቴቶቹ ወዲያው «ሙያ የላትም» አይሏትም፤ ምጣዱን ገና አልለመደችውም፣ እሳቱንም አላወቀችውም ይላሉ። በእናቶቻችን ማድ ቤት የነበረው ይህ ፍርድ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሻገር የት እንደሚጠፋ አላውቅም። አንድ መምህር ለራሱ የበጀውን የአጠናን ዘዴ ለ50 ተማሪ እኩል ያድላል፤ ለ10ሩ ሲሠራ ዘዴው ጥሩ ነው ይባላል፣ ለ40ው ሳይሠራ ሲቀር ተማሪው ደካማ ነው ይባላል። በዚህ አፈራረድ መሣሪያው ምንጊዜም አይረታም። ሲጥል ምስጋናው ለእርሱ፣ ሲስት ወቀሳው ለያዘው እጅ።

መሣሪያ ዋጋ የለውም እያልሁ አይደለም፤ ያለው ልዩነት ከሚነገረው በላይ እንደሆነ ከላይ ብዙ አትቻለሁ። እጅ ሁሉ እኩል ነው እያልሁም አይደለም። የምለው ከመፍረድ በፊት መለካት ይቅደም ነው። ኳስ የሚበሳው ባለሙያ ይህን ሥራው ያስተምረዋል፤ መሰርሰሪያውን ሳያነሣ አስቀድሞ የደንበኛውን ጣቶች አንድ በአንድ ይለካል፣ ሲወረውር ቆሞ ያየዋል፣ ያመው እንደሆነ ይጠይቀዋል። ያን ሁሉ አድርጎ እንኳ ቀዳዳውን ሞርዶ ለማስተካከል ደንበኛው ተመልሶ እንዲመጣ ይነግረዋል።

እንግዲህ አንድ ጀማሪ መጥቶ «ጥሩው ኳስ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ሻምፒዮኑ የያዘውን ወይም እናንተን የጠቀማችሁን ለመጥቀስ አትቸኩሉ። «እስቲ መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ» በሉት። ልጃችሁም በእናንተ መንገድ ሄዶ አልሆንልህ ቢለው ከቁጣው በፊት እንዲሁ በሉት።